ጎህ በሚዘገይበት ከተማ መርዶ ማርዳት

ከደባርቅ የወጣሁ ሌሊት ውርጭ ወድቆ ነበር። ኅዳር ነው፤ ደጅ የተረሳ የጀሪካን ውኃ ጠዋት ላዩ ረግቶ የሚገኝበት ወር። የጎንደሩ መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚነሣ እናቴ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ቤቱን ስትዞረው ነበር። በሶውን ሁለት ጊዜ ፈታ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ፊቷን ላየው ብሞክር አልታይህ አለኝ። መናኸሪያ ድረስ እሸኝሃለሁ ስትለኝ ብርድ ነው፣ ተመለሺ አልኳት።

«እኔን ነው ብርድ የምታስተምረው?» አለችና ጋቢዋን ደርባ ቀደመችኝ።

መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ ጎንደር ጎንደር እያለ ሲጣራ ክንዴን ያዘችኝ። እናቴ ገበያ ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ነገር አታበዛም፣ አንድ ጊዜ ከተናገረች አትመለስም።

«ስማኝ ልጄ» አለችኝ። «ገንዘብ ላክ አትላክ፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሰው ባለበት ኑር። የእኔን ሞት ስልክ እንዳይነግርህ።»

እሺ አልኳት። ያን ጊዜ ቀላል ነገር የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር። መኪናው ዳባትን በጨለማ አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ፀሐይ ወጣች፤ የገብሱ ክምር ቢጫ ሆኖ ታየ፣ ሰዉ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ግድግዳ ሥር ተደርድሯል። ያቺን ፀሐይ ዛሬም ድረስ አልረሳኋትም፤ ለምን እንደሆነ ታሪኩን ስትሰሙ ይገባችኋል።

እናቴ እንዲያ ያለችው በከንቱ አይደለም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአምባራስ ሰው ነበር። ደባርቅ ወርዶ ትዳር ከያዘ በኋላ ሰው የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ መርዶ በማርዳት። ከላይ ካሉት ቀበሌዎች ሰው ሲሞትና የሟች ልጅ ወይ ወንድም ለሥራ ደባርቅ ወርዶ ሲገኝ መልእክቱ የሚመጣው ወደ አባቴ ነው። ሦስት አራት ሰው ይሰበስብና ገና ወፍ ሳይንጫጫ ይሄዳል። ግን አይገባም። አጥሩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥና የሰው ፊት እስኪለይ ይጠብቃል። አንድ ቀን ለምን እንደሚጠብቅ ጠየቅሁት። ሰውዬው እናቴ አለች ብሎ የሚተኛው የመጨረሻ እንቅልፉ ነው፣ ለምን እነጥቀዋለሁ አለኝ። ደግሞ መርዶ በጨለማ ከተነገረህ ማን እንዳቀፈህ አይታይህም፣ የሰው ፊት የሚያስፈልግህ ያን ጊዜ ነው አለኝ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

እኔ ደባርቅ ላይ የቱሪስት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ድስቱንና ምድጃውን በበቅሎ አስጭኜ ተራራ ላይ እወጣለሁ፣ ፈረንጆቹ በብርድ ተኮራምተው ሲመጡ ሾርባ አቀርብላቸዋለሁ፤ እንዲህ ባለ ቦታ እንዲህ ያለ ሾርባ ብለው ፎቶ ያነሱኝ ነበር። ጦርነቱ መጣና ቱሪስቱ ጠፋ። በቅሎዎቹ ተሸጡ፣ ድስቱ ጥቀርሻውን እንደያዘ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ቁጭ ብዬ የእናቴን ድንች ስበላ አንድ ዓመት ከርሜ ወጣሁ።

ስለ መንገዱ አላበዛም። መተማን፣ ሱዳንን፣ በረሃውንና ባሕሩን ያለፈ ሁሉ ተናግሮታል፤ ያላለፈው ደግሞ ቢነግሩትም አይገባውም። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። በረሃው ላይ የዛሪማ ሰው ሞተብን። ቀበቶው ውስጥ የእናቱ ስልክ ቁጥር ተጽፎ አገኘን። ሊቢያ ከገባን በኋላ አሥር ሰዎች ሆነን አንዲት ስልክ ከበን ተቀመጥን፤ ማን ይናገር? አንተ ተናገር፣ የለም አንተ ስንባባል ቆይተን ደወልን። «አቤት፣ ልጄ ነህ?» የሚል የሴት ድምፅ ስንሰማ ዘጋነው። እስከ ዛሬ ትጠብቀው ይሆናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። እናቴ ምን እንደለመነችኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስዊድን ደርሼ፣ ብዙ ጠብቄ ወረቀት ሲሰጠኝ አንዲት ባለሥልጣን አስቀምጣ የምኖርበትን ከተማ ነገረችኝ። አስተርጓሚ መሐላችን ተቀምጧል።

«እዚያ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ኮምፒውተሯን አየች። «ብዙ ሺህ ነዋሪ አለ።»

«የእኛን ሰው ማለቴ ነው።»

«በዚህ አገር ሁሉም ሰው እኩል ነው።»

«እሱስ ደግ ነገር ነው። ግን እናቴ ብትሞት ማን ይነግረኛል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እናትህ ታመዋል ወይ አለችኝ። ደኅና ናት አልኩ። እንግዲያው ችግሩ ምንድን ነው አለች። አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ይኼ የሚጻፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም፤ ፈርምና ሂድ» አለኝ። ፈረምኩ።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወደ ሰሜን ነው፣ መሐሏን ሰፊ ወንዝ ሰንጥቋት ያልፋል። የደረስኩት በበጋቸው ስለነበር ገነት የገባሁ መሰለኝ። ፀሐይዋ አትጠልቅም፤ ሰዉ ወንዙ ዳር ራቁት ቀረሽ ሆኖ ተጋድሟል። መስከረም ላይ ዛፉ ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ አደይ አበባ ዛፍ ላይ የወጣ መሰለኝና ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ። ምን ዓይነት አገር ነው አለች። ከዚያ ጥቅምት ቅጠሉን አራገፈው።

ኅዳር በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጠዋት ውርጭ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ፀሐይዋ ጀርባህን ትመታሃለች፣ ገብስ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አይዞርበትም። ብርዱ ሌሊት ይመጣል፣ ቀን ይሄዳል፤ ወግ ያለው እንግዳ ነው። እዚህ ኅዳር ይመጣና ይተኛብሃል። ዝናብም አይደል በረዶም አይደል፣ ርጥብ ነገር ከጎን እየመጣ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ መሬት ላይ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ወንዙ ከዳር ከዳር መርጋት ይጀምራል፤ መሐሉ ገና ጥቁር ሆኖ ይጤሳል፣ ጭሱም ወደ ከተማው ገብቶ የድልድዩን መብራት ይውጠዋል። ፀሐይ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ትነሣለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትገባለች፤ እሱም ወጣች ከተባለ ነው፣ ብዙ ቀን ጭራሽ አትታይም።

የመጀመሪያው ኅዳር ሰዓቴ የተበላሸ መስሎኝ ሥራ ቦታ ሰው ጠይቄ አውቃለሁ። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ ንጋት ከሌለ ከምን ትነሣለህ? የደባርቅ ሰው ነኝ፣ ብርድ አያስፈራኝም ብዬ ስፎክር የነበርኩት ሰውዬ ካልሲ ደራርቤ መተኛት ጀመርኩ። ብርዱንስ እችለዋለሁ። ጨለማው ግን አደከመኝ፤ ሌላው ቀርቶ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሰላም ብትለው ደንግጦ ያይሃል። እኛ ጋ ሰው ሰላም ሳይልህ ካለፈ ቂም ይዟል፤ እዚህ ሰላም ካለህ ሰክሯል።

የተከራየሁት ወይዘሮ ኢንግሪድ የሚባሉ አሮጊት ቤት ፎቁ ላይ ነው፤ እሳቸው ከታች ይኖራሉ። በሩ ላይ የሕግ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ጫማ ደረጃው ሥር ይወለቃል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ውኃ አይከፈትም፣ ደወል አይደወልም፣ እንግዳ አያድርም። የመጀመሪያ ቀን ቁሌት ሳቁላላ ጣሪያው ላይ ያለችው፣ ጭስ ሲሸታት የምትጮኸው ደወል አገሩን አደባለቀችው። ወይዘሮ ኢንግሪድ እየሮጡ መጡ።

«ምን ተቃጠለ?»

«ሽንኩርት።»

«ለምን ታቃጥለዋለህ?»

«ወጥ ነው። ሲጀመር እንዲህ ነው።»

ትንሽ አሰቡና እንግዲያው ከመጀመርህ በፊት መስኮት ክፈት አሉኝ። ይኸውላችሁ፣ በኅዳር መስኮት ከፍቼ፣ ካፖርት ለብሼ ወጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ደግሞ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሳህን ማጠብ ነው። ለእናቴ ወጥ ቤት ነው የምሠራው አልኳት፤ ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

የእኛ ሰው ሁለት አገኘሁ። አንዱ ሰኢድ ነው። አባቱ ደባርቅ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከልጅነት ጀምሮ በኳስ ሜዳ እንተዋወቃለን። ቀድሞኝ መጥቶ በመኪና ፒዛ እያደረሰ ይኖራል። ሌላዋ ብርቱካን ናት፤ የዳባት ልጅ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ከወንዙ ማዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ይዛ የአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች። ጋሼ ትለኛለች። እኔም እህት የለኝምና እህት አደረግኋት። እሑድ እሑድ ሦስታችን እኔ ክፍል ተሰብስበን ሽሮ እንበላለን፤ ሰኢድ የፈረንጅ ቂጣ ይዞ እየመጣ እንጀራ ነው ብላችሁ ብሉት ይለናል።

ከበላን በኋላ ብርቱካን እናቷ ጋ ትደውላለች። እናቷ እትዬ አለሚቱ ታመው ከርመዋል፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ ታደርገውና ሁላችንም ጤና ይስጥልን እንላቸዋለን። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ኅዳር ሲገባ፣ ስልኩን ሌላ ሰው ማንሣት ጀመረ። ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ይሏታል። ሁለት እሑድ እንዲህ አሏት። እሷ ደስ ብሏታል፤ ጠበል ከሄደችልኝማ ትድናለች አለችኝ። እግዚአብሔር ይማርልን አልኳት። ሽሮ እያማሰልኩ ነበር፣ ምንም አልጠረጠርኩም።

ሐሙስ ቀን ሳህን ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የብርቱካን አጎት ናቸው፤ ቄስ ናቸው፣ ቃላቸውን አንድ አንድ እያሉ ነው የሚያወጡት። እንደምን ሰነበትክ፣ ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ አየሩስ እንዴት ነው አሉኝ። የእኛ አገር ሰው ሰላምታ ሲያስረዝም ከኋላው ነገር አለ። እጄን ከሳሙናው አወጣሁ።

«ልጄ፣ የብርቱካን እናት ዐርፋለች» አሉኝ። «ከቀበርናት ሁለት ሳምንት ሆነ። ልጅቱ ብቻዋን ናት፣ ለማን እንንገር ስንል ከረምን። እናትህን ገበያ ላይ አገኘናት፤ ልጄ እዚያው ነው፣ አባቱም ያረዳ ነበር አለችን። አደራ ልጄ፣ ከሰው ጋር ሆነህ አርዳልን። ብቻዋን እንዳትሰማ።»

«እሺ አባታችን፣ እንዳሉ ይሆናል» አልኳቸው።

ማታ እናቴም ደወለች። አደራ፣ አባትህን እንዳታሳፍር አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ የሰጠችኝ ሁለተኛው አደራ ይኼ ነበር።

ዓርብ ከሰኢድ ጋር ተማከርን። ቅዳሜ ሥራ የላትምና ቅዳሜ ጠዋት ይሁን አልን። መርዶ የሚያህል ነገር ሊነገር የሚሄደው ሁለት ወንድ ብቻ ነው፤ ወገቧን የሚይዛት አንዲት ሴት እንኳ የለችም፣ ይኼ አንገታችንን አስደፋን። ሰኢድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግባ አለ። አይሆንም፣ ሲነጋ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። እዚህ አገር ፀሐይ ጠብቀህ ምን ሠርተህ ታውቃለህ፣ እኔ ለሱብሒ የማምነው ስልኬን ነው፣ ሰማዩን ባምን ሳልሰግድ እቀር ነበር አለኝ። እኔ ግን የአባቴን ሥርዓት አነሣሁበት። የሞተ ሰው ስም ሲጠራበት ጊዜ እንዳልክ ይሁን አለ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከፎቋ ሥር፣ ብስክሌት የሚቆምበት ዳስ አጠገብ፣ መብራቱ ሥር ቆምን። ወንዙ ከጀርባችን ነው፤ አይታይም፣ ዳር ዳሩ የረጋው ሲሰነጠቅ ግን ይሰማል። እኔ ከጃኬቴ ላይ ነጠላ ደርቤአለሁ። ሰኢድ ለአክብሮት ብሎ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጆሮው በብርድ ሲቆረጥ መልሶ አደረገው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ጨለማ ነው። ያ ርጥብ ነገር ይወርድብናል፤ ነጠላዬ በስብሶ ትከሻዬ ላይ ተለጠፈ። አንድ ሰዓት ሲሆን የብርቱካን መስኮት በራ።

«ተነሥታለች፣ እንግባ» አለኝ ሰኢድ።

«ትንሽ ቆይ፣ ፊት ይታይ» አልኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ። የያዘኝ የአባቴ ሥርዓት ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። «አቤት፣ ልጄ ነህ?» ያለችው የዛሪማው ሰው እናት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ባይነጋ፣ ጭራሽ ባይነጋ ደስታዬ ነበር። አባቴ የሚጠብቀው ለሌላው ሰው ብሎ ነው፤ እኔ የጠበቅሁት ለራሴ ነው። ሰኢድ ሁለት ጊዜ እጄን ጎተተኝ፣ ሁለት ጊዜ ቆይ አልኩት። ነጋ የተባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ የእጥበት ውኃ ሲመስል ነው። የሰኢድ ፊት ታየኝ፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ወጣን።

በሩ ክፍት ነበር። ብርቱካን መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯን ፈትታለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ስልኳ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተደፍቷል። ጅዳ ያለች የአክስቷ ልጅ የእናቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ ነፍስ ይማር ብላለች፤ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ስልኳን ስትከፍት የተቀበላት እሱ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ።

«ፎቶውን ሳየው ውሸት ነው አልኩ» አለችኝ። አላለቀሰችም። «እማዬ ጠበል ናት አልኩ። ከዚያ በመስኮቱ ሳይ እናንተ ቆማችኋል። አንተ ነጠላ ለብሰሃል። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

ሰኢድ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ይመጣሉ ብዬ በሩን ከፍቼ ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ። ምን ስትጠብቁ ነበር ጋሼ?»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ብቻዋን አትቀመጥም ብለን ወደ እኔ ክፍል ወሰድናት። እንባዋ የመጣው እዚያ ነው። ደረቷን እየደቃች፣ እናቷን በስም እየጠራች፣ አንድ በአንድ ያደረጉላትን እየቆጠረች አለቀሰች፤ እኛም አብረን አለቀስን። ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ጎረቤት ደውሎ ነው። ወይዘሮ ኢንግሪድ ጫማቸውን አስወልቀዋቸው በካልሲ ነው የገቡት። ሴቷ ፖሊስ ብርቱካንን እዚያው ክፍሉ ጥግ ወስዳ ማን እንደመታት ጠየቀቻት።

«ራሴ» አለች ብርቱካን።

«ለምን?»

«እናቴ ሞታ።»

«መቼ ነው የሞቱት?»

«ሁለት ሳምንት ሆናት።»

ፖሊሷ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ዛሬ ለምን ታለቅሳለች?»

«ዛሬ ስለሰማች ነው።»

«ማን ነው የደበቃት?»

«ሁላችንም» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ጻፈችው።

የሥነ ልቦና ሐኪም ስልክ ቁጥር ሰጥተውን፣ ድምፅ ቀንሱ ብለውን ሄዱ። ወይዘሮ ኢንግሪድ ደረጃው ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ስንት ቀን ነው የምታለቅሱት አሉኝ። ሦስት ቀን አልኳቸው። ውሉ እንግዳ አያድርም ይላል አሉ። ይላል አልኩ። ቆም ብለው አዩኝና ሦስት ቀን ብቻ ብለው ወረዱ። አልጋዬን ለብርቱካን ለቅቄ እኔና ሰኢድ ወለሉ ላይ ተኛን። ለቀስተኛ የሚባል አልመጣም፤ ንፍሮ ቀቅዬ ሦስታችን በላነው።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ነጠላዋን አጥፋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እሑድ መምጣቷን ተወች። ድልድዩ ላይ ስንገናኝ ራሷን ነቅንቃ ታልፈኛለች። ሰኢድ ነግሬህ ነበር አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ለእሷ ምግብ ቋጥሬ በሰኢድ ብልክላት ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ ቃል አብሮት አይመጣም።

እናቴ እንዴት አድርገህ አረዳሃት ብላ ጠየቀችኝ። እንደ አባቴ አድርጌ አልኳት። ደስ አላት። ተመስገን፣ እንግዲህ ሰው አለህ አለች፤ ድምፅዋ ሲቀል ተሰማኝ። ይህን ውሸት አንድ ቀን እነግራታለሁ፣ ሳገኛት ፊት ለፊት እነግራታለሁ እያልኩ ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

በረዶው ወረደ፣ ሟሟ፣ ያቺ የማትጠልቀው ፀሐይ መጣች፣ ሄደች። ቅጠሉ ዳግመኛ መሬት ላይ ጠቆረ። ኅዳር ገባ። እሑድ ቀን ሰኢድ ሥራ ስለነበረው ብቻዬን ሽሮዬን በልቼ ወደ ቤት ደወልኩ። ያነሣው ታናሽ ወንድሜ ነው። እንደምን ሰነበትክ አለኝ፣ ጤናህስ አለኝ። አየሩስ እንዴት ነው አለኝ። ወንድሜ በሕይወቱ ስለ አየር ጠይቆኝ አያውቅም።

«እማዬን አቅርባት» አልኩት።

«ጠበል ሄዳለች» አለኝ።

ምን ልበላችሁ። የቱ ጠበል ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ወንድሜ ውሸት አይሆንለትም፣ አንድ ጊዜ ብጫነው ይወጣ ነበር። ግን የእኔን ሞት ስልክ እንዳይነግርህ ብላኝ የለ? አፉን ከፍቶ ቢነግረኝ ያችን አንድ ልመናዋን አፈርሳለሁ። ደግሞስ ሰው እውነትም ታሞ ጠበል ይሄድ የለም ወይ? ይህንንም አሰብኩ፣ አልዋሽም።

«እግዚአብሔር ይማርልን» አልኩት።

«አሜን» አለኝ፤ ድምፁ ተሰበረ። ቶሎ ዘጋሁት።

ከዚያ ጠበቅሁ። ሰኞ ሥራ ሄጄ ሳህን አጠብኩ፣ ማክሰኞም አጠብኩ። ሰኢድ ስልኬን አላነሣ አለ። ሰኢድ እየነዳም ቢሆን ስልክ የሚያነሣ ሰው ነው። ሌሊት እየነቃሁ ደረጃው ላይ ኮቴ የሰማሁ ይመስለኛል፤ የማሞቂያው ቧንቧ ነው። አባቴ እንቅልፉን አልነጥቀውም የሚለው ምን ዓይነቱን እንቅልፍ እንደሆነ እንጃ፤ እኔስ አልተኛሁም። ማን ይመጣልኛል እያልኩ አስባለሁ። ሰኢድ ብቻውን ይመጣል? ብርቱካንስ በምን አንጀቷ?

ረቡዕ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የወንዙ ጭስ መንገዱን ይዞታል። ከድልድዩ ወዲህ፣ በመንገዱ መብራት ሥር፣ ሁለት ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ረጅሙ ሰኢድ ነው። ሌላዋ ከካፖርቷ ላይ ነጠላ አዘቅዝቃለች። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልቆሙም።

ደወሉ ጮኸ። ወይዘሮ ኢንግሪድ በሩን ሲከፍቱላቸው ሰማሁ፤ ስለ ሰዓቱ ምንም አላሉም፣ ስለ ጫማም ምንም አላሉም። ሁለቱም ከነጫማቸው ደረጃውን ሲወጡ ይሰማኛል። በሬን ቀድሜ ከፈትኩላቸው።

ብርቱካን ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችኝ። እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ሳይነጋ መጣን።»